ማሰሪያ እንጂ ማከሚያ አይደለም

ሐይቅ ከተማ የኖርሁት መረብ በመጠገን ነው። ፊደል የቆጠርሁትም በራሴ ነው፤ ዕቃ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ። ስለዚህ ጽሑፍ የሚጽፍልኝ ሰው ፈልጌ አላውቅም፤ እንዲያውም የጎረቤቱን ማመልከቻ የማርመው እኔ ነኝ። የራስን ጉዳይ ለሌላ ማስያዝ የሰነፍ ልማድ ነው እያልሁ ኖሬያለሁ፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ቃል ነው።

ትልቋ ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ በመጣች በዓመቱ ታመመች። ሕመሙ የአእምሮ ነው። ሰው ዘወር ሲልላት ተነሥታ ወደ ውኃው ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ ዓሣ አጥማጆች ውኃው ደረቷ ደርሶ አግኝተው መለሱልኝ። በሦስተኛው እጇን አሰርኋት። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ግን "ደሴ አክስቷ ዘንድ ናት" እል ነበር። ልጆቼን በውሸት ምክንያት በልምጭ የገረፍሁ ሰው ነኝ።

ያሰርሁበት የመረብ ገመድ ነው፤ ቋጠሮውም የመረብ ቋጠሮ። ሌላ አላውቅም። ይህ ቋጠሮ ደግሞ በሳቡት ቁጥር እንዲጠብቅ ሆኖ የሚቋጠር ነው። ልጄ ስትታገል ገመዱ አንጓዋን በላው። ቁስሉ መግል ሲይዝ ባለቤቴ ዐረብ አገር ላለችው እህቷ ደውላ አለቀሰች። እህቷ እዚያ ሆስፒታል በጽዳት ትሠራለች። ሕመምተኛ አልጋ ላይ የሚያዝበት፣ ውስጡ ስፖንጅ የሆነ የጨርቅ ማሰሪያ ገዝታ በካርጎ ላከችልን።

ዕቃውን ላወጣ ኮምቦልቻ ጉምሩክ ሄድሁ። በር ላይ አንዱ ትራንዚተር "ቅጹን ልሙላልዎ?" ሲለኝ "እጅ አለኝ" ብዬ አለፍሁት። የዕቃው ዓይነት በሚለው ቦታ "የሕመምተኛ ማከሚያ" ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍሁ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ የልጄ እኩያ ናት። ማሰሪያውን አውጥታ አገላበጠችው።

"አባቴ፣ ይሄ ምን ያክማል?"

"ሕመምተኛ ይታከምበታል።"

"እንዴት አድርጎ?"

ከኋላዬ የተሰለፈ ነጋዴ አንገቱን አሰገገ። "የበቅሎ እግር ማሰሪያ ነዋ! ጋሼ፣ አንዱን ለኔ ይተዉልኝ፤ የኔዋ እርግጫ አብዝታለች።" ሰልፉ ሳቀ።

"ለልጄ ነው" አልሁ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሳቁ ተቋረጠ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ "አላህ ያሽራት። አፉ በሉኝ ጋሼ" አለ።

ሠራተኛዋ ድምጿን ቀነሰች። "አባቴ፣ አይዘኑብኝ። የሚመረምር ወይም የሚያክም ዕቃ ምድቡ ሌላ ነው፤ ቀረጡም ይቀላል። ይሄ ግን አያክምም፤ ይይዛል። የሚገባው ከጨርቅ ከተሰፉ ዕቃዎች ጋር ነው።"

"ሆስፒታል የሚሠሩበት ነው እኮ!"

"የሆስፒታል አንሶላም አንሶላ ነው።"

ከኪሴ የሐኪም ወረቀት አወጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ደሴ ወስጃት የተሰጠኝ ነው። እንደ ማስረጃ ይረዳኛል ብዬ ነው የያዝሁት። ሠራተኛዋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ስለ ማሰር የሚል የለበትም። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በየወሩ ትምጣ ነው የሚለው። ቀጠሮው ካለፈ ቆይቷል፣ አባቴ። መድኃኒቱን ትወስዳለች?"

"ትታዋለች" አልሁ።

ያስተውኋት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ ያስተኛታል፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ሁሉ ስንፍና ይመስለኛል። ይህን ለሠራተኛዋ አልነገርኋትም። እሷም አልጠየቀችኝም። "ማከሚያ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ "ማሰሪያ፣ ከጨርቅ የተሰፋ" ብላ ጻፈችበትና "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለችኝ። የስንቱን ሰው ጽሕፈት ሳርም ኖሬ፣ የኔን ያረመችው እሷ ናት። ፈረምሁ።

ቤት ገብቼ ገመዱን ፈታሁና በአዲሱ አሰርኋት። ስፖንጁን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

"አባ፣ ይሄ አይከረክርም። ስሙ ምንድን ነው?"

"ማሰሪያ" አልኋት።

"እህ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ስሙን የጠየቀችኝ ማከሚያ መስሏት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በማግሥቱ ጧት ፈትቼ ወደ ደሴ ይዣት ወጣሁ። መናኸሪያ ላይ ጎረቤታችን አገኘችን።

"ኧረ! ደሴ ናት አላላችሁም እንዴ?"

"ቤት ነበረች። አስሬያት" አልሁ።

ሴትዮዋ የልጄን አንጓ አየች፤ ከዚያም እኔን። ነጠላዋን አውልቃ ለልጄ አከናነበቻት፤ እጇ እስኪሸፈን።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት በኩል አስቀምጬ ክንዷን ያዝሁ። ከቁስሉ ከፍ አድርጌ የያዝሁ መስሎኝ ነበር።

"አባ፣ አመመኝ" አለች።

ላላ አደረግሁት። ደሴ እስክንደርስ ግን አልለቀቅኋትም።