ለኮምፒውተሩ «እሺ» ያሉት አቦይ ሐጎስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ለእናቴ ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ሰላምታውን ጨርሼ ወደ ቁም ነገሩ ስደርስ ወረቀቱ ያልቅብኛል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስሕተት ካለ አርሙልኝ። ይህን ነገር ለሰው በአፌ መንገር ስለማፍር መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው።

የሆነው ባለፈው ዓመት ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሥቶ፣ እዚህም ሰው ያለ ሰላምታ መተላለፍ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ከአእምሮዬ ያልወጣው ኮምፒውተር በየቀኑ ስለሚያስታውሰኝ ነው። አንድ ነገር ልጫን ወይ ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይሰማኛል።

የምሠራው ኦስትሃፈን፣ ወንዙ ዳር ባለ ትንሽ መጋዘን ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ከማል የእናቴ ዘመድ ናቸው። ሰዎች ለቤተሰብ የሚልኩትን ዕቃ ይሰበስቡና በኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። እኔ ካርቶን አሽጋለሁ፣ በፕላስተር እጠቀልላለሁ፣ እጠርጋለሁ። ሰው ፊት መቆም ስለማልወድ ሥራው ይስማማኛል።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠሩት አቦይ ሐጎስ ነበሩ። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዚንድሊንገን ካለው የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል። ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው፤ ሲደውሉላቸው በጀርመንኛ ነው የሚመልሱላቸው። በየካርቶኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ለጉምሩክ በጀርመንኛ ይጽፋሉ። ሐጂ የሚሰጧቸው ትንሽ ነገር ነው። እሳቸው ግን ለዚያች ወንበር ብለው በየማለዳው ከከተማው ምዕራብ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን በትራም ስንሄድ፣ «ጓለይ፣ ይህች ወንበር ባትኖር ከማን ጋር አወራ ነበር?» አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው።

እኔ መንገዳቸው ላይ ባለው ሰፈር፣ ኒድ ስለምኖር አንድ ትራም ነበር የምንይዘው። እሳቸው ቀድመውኝ ስለሚሳፈሩ ቦርሳቸውን አጠገባቸው አኑረው ቦታ ይይዙልኛል። ግን አንድ ሰው መጥቶ «እዚህ ነጻ ነው?» ካላቸው በጀርመንኛ «ያ፣ ቢተ»፣ አዎ እባክዎ ብለው ቦርሳውን ያነሡታል። ስለዚህ አብዛኛውን ቀን ቆሜ ነው የምሄደው። እሳቸውም ዓይኔን ማየት እያፈሩ፣ «ጠየቀኝ፣ ምን ልበለው?» ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ኢንተርኔት ከፍተው የጦርነቱን ወሬ ያነባሉ። ከማሽኑ ጋርም ያወራሉ፤ ያውም በአንቱታ። ሲዘገይባቸው «ይታገሡ፣ ጊዜ አለን» ይሉታል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እያሸግሁ እስቃለሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት አዲስ ገጽ ከፍተው ሲያነቡ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ጮክ ብለው በጀርመንኛ አነበቧት፤ ቀጥሎ ለእኔ በአማርኛ፣ «ይህን ፕሮግራም መጫንና ማስጀመር ይፈልጋሉ?» አሉ። ከታች አዎና አይደለም የሚል አለ።

«እዪ ጓለይ፣ በስንት ትሕትና ይጠይቃል! ከሰው ይሻላል» አሉ።

«ያ፣ ቢተ» ብለው ተጫኑት።

ምንም አልሆነም። ወሬያቸውን አንብበው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ሲበራ የወትሮው ሰማያዊ ገጽ የለም። ጥቁር ላይ በነጭ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። አቦይ ሐጎስ ቆመው አነበቡ፤ ከዚያ ተቀመጡ፤ ከዚያ እንደገና አነበቡ። ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ ያላችሁን ሁሉ ቆልፈነዋል፤ ቁልፉን የምትፈልጉ ከሆነ በዚህ የፖስታ ሣጥን ገንዘብ ላኩ። የፖስታ ሣጥኑ የማላውቀው አገር ነው። የኮንቴይነሩ ወረቀት፣ የሰው ሁሉ ዕቃ ዝርዝር፣ ሁሉም እሱ ውስጥ ነበር። ኮንቴይነሩ ደግሞ የሚጫነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ሐጂ መጥተው አዩት። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሽፍታ ነው?» አሉ። «ፊት የለው፣ ጠመንጃ የለው! ወላሂ፣ የኛ አገሩ ሽፍታ ቢያንስ ጫካ ነው የሚጠብቅህ።»

ቅዳሜ ደግሞ ዕቃ የምንቀበልበት ቀን ነው። ደንበኞቹ ካርቶናቸውን ይዘው ገብተው ቆመዋል። ከነሱ አንዱ አቶ ሽፈራው ነበሩ፤ ድምፃቸው ሁልጊዜ ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው። ስክሪኑን አዩ፣ አቦይ ሐጎስን አዩ።

«ሐጂ፣ ሳልነግርዎት ቀርቼ ነው? በዚህ ጊዜ ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል?» አሉ።

«እንዴት ማለት?» አሉ ሐጂ።

«እንዴት ማለት ይላሉ እንዴ! ዕቃችን የሚሄደው አዲስ አበባ። ጻፊው ማን? ከወዲያ ወገን። ይኸው ቆለፈው።»

መጋዘኑ ዝም አለ። አቦይ ሐጎስ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ፤ ወደ ቤት ሲሄዱ የሚያደርጉትን ነበር ያደረጉት። ያን ጊዜ ገባኝ። የተቆለፈው የካርቶኑ ዝርዝር ብቻ አልነበረም። የሰውየው ስምም፣ ያች ወንበርም አብረው መቆለፋቸው ነው።

እንዴት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም።

«እኔ እዚህ ነበርኩ» አልኩ። «አጠገባቸው ነበርኩ። ትናንት ጠየቃቸው፣ እሺ አሉት። ሌላ ምንም አላደረጉም።»

«ማነው የጠየቃቸው?» አሉ አቶ ሽፈራው።

«ኮምፒውተሩ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። መግቢያ ጠፍቶኝ ያወቅሁትን ብቻ ተናገርኩ። «አቶ ሽፈራው፣ እርስዎ ያን መጽሔት… ሻጩ በር ላይ መጥቶ ሲጠይቅዎ ያ፣ ያ ብለው አይደል በየሳምንቱ መምጣት የጀመረው? እንዲቀርልዎ ደብዳቤ የጻፉልዎ አቦይ ሐጎስ አይደሉም?»

እኔ ለማሳፈር ብዬ አልነበረም። ጥያቄ ሲመጣ ሁላችንም እሺ እንላለን ለማለት ነበር። ግን አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ «ኧረ ስለ ውሾች እኮ ነው መጽሔቱ! ውሻ እንኳ የላቸው!» ብላ ስትጮኽ ሳቁ ወደሳቸው ዞረ።

አቶ ሽፈራው «እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብለው ካርቶናቸውን መልሰው አንሥተው ወጡ። ቀደም ሲል ያመጧቸው ግን እኛው ዘንድ ቀሩ።

ሰኞ ሐጂ ኮምፒውተር የሚያበጅ አንድ ጀርመን አመጡ። ሄር ላንግ ይባላል፤ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። አቦይ ሐጎስን ዓርብ ምን እንዳዩ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ራሱን ነቀነቀ። ተንኮሉ የገባው ኢንተርኔት በሚያስነብበን ፕሮግራም፣ ብራውዘር በሚሉት በኩል መሆኑን ነገራቸው፤ እሳቸው ለሐጂና ለእኔ ተረጎሙልን። ብራውዘሩ እንደ ወደቡ በር ጠባቂ ነው፤ የእናንተ ግን ጥሩንባ ለነፋ መኪና ሁሉ በሩን የሚከፍት ጠባቂ ነበር፣ አለ። ሐጂ ገንዘቡን ብንልክስ ብለው ጠየቁት። «የማታውቁት ሌባ ቁልፍ እመልሳለሁ ስላለ ታምኑታላችሁ?» አለ።

የነበረውን ሁሉ ደመሰሰው። ብራውዘሩን በአዲስ ተካው፤ ጥበቃውን ከፍተኛ የሚለው ላይ አደረገው። የተሠራው ሥራ በየምሽቱ በዲስኬት ተገልብጦ፣ ዲስኬቱ ከማሽኑ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ እንዲያድር አዘዘ። ከማያውቁት ቦታ ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ መልሱ አይደለም ነው፣ አለ። አቦይ ሐጎስ ይህን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ቀነሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ድካም ብቻ ነው። ያሸግሁትን ካርቶን ሁሉ መልሼ ፈታሁ። እኔ ዕቃውን እያወጣሁ እጠራለሁ፣ አቦይ ሐጎስ ይጽፋሉ። የሕፃን ጫማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጁስ መፍጫ፣ ብርድ ልብስ። እንደገና አሽጋለሁ። ጣቶቼ በፕላስተር ተላልጠው ነበር። የአቶ ሽፈራው ካርቶን ሲደርስ ብርጭቆዎቹ የተጠቀለሉት በዚያ የውሻ መጽሔት ሆኖ አገኘሁት። አውጥቼ አሳየኋቸው። አልሳቁም። «መጽሔት፣ አሮጌ» ብለው ጻፉና «ቀጥዪ ጓለይ» አሉ።

ኮንቴይነሩ በቀኑ ሄደ።

አዲሱ ብራውዘር ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጥበቃው ከፍ ስላለ በየገጹ ይጠይቃል፤ ይህን ልቀበል? ያን ልክፈት? አቦይ ሐጎስ እጃቸው አይደለም ወደሚለው ይሄድና እላዩ ላይ ይቆማል። ሊጫኑት አይችሉም። «በትሕትና የጠየቀን ሰው እንዴት ፊት ለፊት?» ይላሉ። ሰው አይደለም እኮ አቦይ፣ ብላቸውም አልሆነም። በመጨረሻ ይጠሩኝ ጀመር።

«ጓለይ፣ ነይ እምቢ በይልኝ!»

ፕላስተሬን ጥዬ እሄዳለሁ፣ እጫንላቸዋለሁ፣ እመለሳለሁ። ገና ካርቶን ሳላነሣ «ጓለይ!» ይላሉ። በሕይወቴ ለማንም እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ለእሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ እምቢ ስል እውል ነበር። ሐጂ ከሩቅ እያዩ፣ «ሰዓዳ፣ አንቺን ለዚህ መቅጠሬን አላወቅኩም ነበር» እያሉ ይቀልዳሉ።

ወሬው ግን አልቆመም። የሄር ላንግን ማስረጃ ማን ይሰማል? ሽሮና በርበሬ የሚሸጥበት ሱቅ ድረስ «ኤርትራዊው የሐጂን ኮምፒውተር ቆለፈ» ተብሎ ደረሰ። አንዳንድ ደንበኞች ዕቃቸውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱ። አንድ ቀን ሐጂ ሻይ ይዘው ወደ ወንበሩ መጡ። ዓይናቸውን ሻዩ ላይ አድርገው፣ «ወንድም ሐጎስ፣ ለጥቂት ጊዜ ቢያርፉስ? ወሬው እስኪበርድ» አሉ።

«እሺ፣ ሐጂ» አሉ አቦይ ሐጎስ። ወዲያው ነው ያሉት፤ ዓርብ ዕለት ኮምፒውተሩን እሺ ባሉበት በዚያው ድምፅ። ኮታቸውን ለበሱ። ሻዩን እንኳ አልጠጡትም።

ከዚያ በኋላ ትራሙ ላይ ቦታ ሞልቶ ተቀምጬ እሄድ ነበር። መቆሙ ይሻለኝ ነበር።

ወንበሩ ላይ እኔ እንድቀመጥ ተደረገ። በጀርመንኛ የምጽፈው አቦይ ሐጎስ ከጻፉት እየገለበጥኩ ነው፤ አዲስ ቃል ሲመጣ እቆማለሁ። ሐጂ አንድ ተማሪ ቀጠሩ፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ እያለ ይቀራል። ብርዱ ሲገባ ሐጂ ጠሩኝና፣ «ሂጂ ዚንድሊንገን። ይቅርታ ጠይቆዎታል፣ ወንበርዎ እንዳለ ነው ብሎዎታል በያቸው። እኔ ስሄድ አፍራለሁ» አሉኝ። እኔም እንደማፍር አልነገርኳቸውም።

እሑድ ሄድኩ። ቤታቸው ከፋብሪካው አጥር ብዙ አይርቅም፤ ደረጃው ላይ እንኳ የኬሚካሉ ሽታ አለ። አቦይ ሐጎስ ከስተዋል። ሲያዩኝ ግን «ኧረ ጓለይ!» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። ብራውዘሩ አሁንም ይጠይቃል ወይ አሉኝ። ይጠይቃል አልኳቸው። «አንቺስ?» አሉ። እምቢ እላለሁ አልኩ። «ጎሽ» አሉ።

የሐጂን መልእክት ነገርኳቸው። ሌላ ብርቱካን አንሥተው ይልጡ ጀመር።

«ሐጂ ደግ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፊቱን ካየሁ እሺ እለዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ፤ ሰው ይገባል፣ ያየኛል፣ ዝም ይላል። ለዚያ ዝምታ ደግሞ መነጽሬን ማውለቅ ደክሞኛል።»

አሁንም ያች ወንበር ላይ ነኝ፤ ሳጥኗ ብቅ ትላለች፣ እኔ አይደለም የሚለውን እጫናለሁ፣ ዲስኬቱን መሳቢያ ውስጥ አሳድራለሁ። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም። ጥሩ ጠባቂ ሆኛለሁ ይላሉ ሐጂ። እኔ ግን ማታ ኒድ ስደርስ የሚደክመኝ እጄ አይደለም።

ያን እሑድ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ኮቴን አስተካከሉልኝ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉና እንደ ድሮው ጠሩኝ፦

«ጓለይ፣ ይሄንንም አንቺ እምቢ በይልኝ።»