በቆዳ መጋዘን የታጠቅሁት ሻደይ

ሲወስዱኝ እጄ ላይ የሳሙና አረፋ ነበረ። ሰቆጣ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ጓሮ ድረስ ገብተው ስሜን ጠሩና አንቺ ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። እጄን እስክለቃለቅ አልጠበቁኝም። መንገድ ላይ አረፋው ደረቀና ያሳክከኝ ጀመር፤ ሰው ሁሉ ስለሚያየኝ ግን ለማከክ አፈርኩ።

የፈለጉት እኔን አልነበረም፤ ወንድሜን ነው። ታላቄ ነው። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ጋዝጊብላ ካለው ቤታችን እንደወጣ አልተመለሰም። አንዱ ጫካ ገባ ይላል፣ ሌላው ተከዜን ሲሻገር አይቸዋለሁ ይላል፣ ሌላው ዝም ይላል። ያሰሩኝ ሰዎች የት እንዳለ እስክናገር ድረስ እንደማልወጣ ነገሩኝ። የት እንዳለ እኔም ባውቅ በወደድኩ ነበር።

ለሴት የሚሆን ክፍል ስላልነበረ ብቻዬን የድሮ የቆዳ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። የፍየል ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታውና ቆዳው የታሸበት ጨው ግን ቀርቷል። ጊዜው ክረምት ስለነበር ወለሉ ላይ የቀረው ጨው እርጥበት እየሳበ ያልበው ነበር። ተረከዜ ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በቆምኩ ቁጥር ያቃጥለኛል። ከግድግዳው ወዲያ የታሰሩት ወንዶች ሲያወሩ፣ አንዳንዴም ሲሳሳቁ እሰማለሁ። አንድ ቀን አንደኛው፣ “እናንተ ማዶ ያላችሁ፣ ስንት ናችሁ?” ብሎ ተጣራ። ብቻዬን ነኝ ማለት አቃተኝ። ዝም ስል፣ “ፍየል ቀርታ ነው” አለና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራኝም።

ቀን ቀን የሚጠብቁኝ አንድ የፃግብጂ ሰው ነበሩ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ሽሮዬን ይዘው ገቡና ከካፖርታቸው ስር የታጠፈ ጥቁር ነጠላ አወጡ። የባለቤታቸው ነው። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ነገ አለቃው ይመጣል። ወንድሜ ሞቷል ካልኩ፣ እሳቸውም መርዶው ሲነገር ሰምቻለሁ ብለው ይመሰክሩልኛል። የሞተ ሰው እህት አስረው ምን ይጠቅማቸዋል? ጥቁሩን ለብሼ፣ ጸጉሬን በትኜ ልጠብቅ። ነገ ማታ እናቴ ቤት ነኝ።

“ማን ያውቃል ልጄ፣ ሞቶም ይሆናል” አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ነጠላውን ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ወጡ። ሰው ሲያናግረኝ መልስ ቶሎ አይመጣልኝም።

ማምሻውን ነጠላውን ስዳስሰው ቆየሁ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቤቴን አሰብኩ። ከዚያ እናቴን አሰብኩ፤ ጥቁር ለብሼ በሩ ላይ ስቆም የምታየኝን። እኛ ዘንድ መሞቱ ላልታወቀ ሰው ለቅሶ አይቀመጡም፤ ሞቱን መጥራት ነው። ለመውጣት ብዬ ለወንድሜ ሞት ልጥራለት?

ጠዋት ከሩቅ ከበሮ ሰማሁ። ጾሙ ተፈቶ ሻደይ ገብቶ ነበር። የከተማው ልጃገረዶች የሻደይን ሳር ወገባቸው ላይ ታጥቀው በየደጁ ሊዘፍኑ ነው። እኔ አገሬ ሳለሁ ከኋላ ቆሞ ከማጨብጨብ አልፌ አላውቅም፤ ግጥም የሚያወጡት ደፋሮቹ ናቸው። ግን በየዓመቱ ታጥቄያለሁ። የማትታጠቀው ሐዘን የገባበት ቤት ልጅ ብቻ ናት።

ሽማግሌው ሽንት ቤት ሲወስዱኝ በቦዩ ዳር ሳር በቅሎ አየሁ። ሻደይ አይደለም፤ ተራ ሳር ነው፣ ረጅም ግን ነው። ጎንበስ ብዬ እፍኝ ነጨሁ። ለመኝታዬ የምጎዘጉዘው መስሏቸው፣ ጨምሪ አሉኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ከራሴ ነጠላ ጫፍ ክር መዘዝኩና ሳሩን ጎን ለጎን አሰርኩት። እስከ ጉልበቴ እንዲወርድ አድርጌ ታጠቅሁት። ጸጉሬን በጣቶቼ አበጥሬ ጎነጎንኩ። ምሳ ይዘው ሲመጡ ጥቁሩን ነጠላ እንደታጠፈ በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

ወገቤን አዩ። የእኛው አገር ሰው ናቸውና ማስረዳት አላስፈለገኝም።

“እዚሁ ትቆያለሽ እኮ” አሉኝ።

“አውቃለሁ አባቴ። ለባለቤትዎ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።”

አለቃው ከሰዓት በኋላ መጣ። ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ሳሩን አየት አድርጎ አለፈው። ሽታውን ሸሽቶ በሩ ላይ እንደቆመ፣ “ወንድምሽስ?” አለኝ።

“አለ” አልኩ።

“የት?”

“አላውቅም። አለ።”

ድምፄ ባዶው መጋዘን ውስጥ ሲያስተጋባ እኔው ደነገጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ወሬ ቆመ። አለቃው እዚሁ ትሰንብት ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ አንዱ፣ “ሰው ናት ለካ” አለ። ማንም አልሳቀም።

ሽማግሌው ተራቸውን ጨርሰው ከመሄዳቸው በፊት በሩን ገርበብ አድርገው ግማሽ የተጠበሰ በቆሎ አቀበሉኝ። ሻደይ የሚጫወቱ ልጆችን ባዶ እጃቸውን የሚሸኝ አባወራ የለም።

“አልዘፈንኩም እኮ” አልኳቸው።

“ታጥቀሽ ደጄ ላይ ነሽ” አሉና በሩን መልሰው ቆለፉት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሲለቁኝ ዝናቡ አልፎ ጨው ወለሉ ላይ ደርቆ ነበር። ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝ የለም።

አሁን ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ወንድሜ አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። ጎረቤቶች አልቅሱለትና ይውጣላችሁ ይሉናል። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው እላለሁ። ያን ጥቁር ነጠላ ለብሼው ቢሆን እናቴ ይኸኔ አልቅሳ አርፋ ነበር ይሆናል። የሰው ለቅሶ ስንሄድ ከባለቤቶቹ ይልቅ እሷ ስታለቅስ አያታለሁ። ለማን እንደሆነ አልጠይቃትም።

እኩዮቼ ሁሉ አግብተዋል። ሻደይ ሲመጣ አብረውኝ የሚታጠቁት ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ እቴቴ ይሉኛል። ዛሬም ከኋላ ቆሜ ነው የማጨበጭበው። ዘንድሮ ሳሩን ይዤ ልወጣ ስል እናቴ ጠራችኝ። ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። በጣም አጠበቀችው። መተንፈስ አስቸግሮኝ ነበር፤ ላላ አድርጊው አላልኳትም።