የሁለተኛው መስመር መደቦች

ስልኬን የከፈትኩት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር። እሱ ሦስት ጊዜ ከደወለ ወይ ሰው ሞቷል ወይ የምሥራች አለ፤ ስለዚህ ነጠላዬን እንደለበስኩ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ፣ አማትቤ ደወልኩለት።

«እንኳን ደስ አለሽ እታለም! ሰፈራችን ሊታደስ ነው!»

ሰፈራችን የሚለው ተወልደን ያደግንበትን የብርቱካን እርሻ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ወንዙ ዳር አራት መስመር ቤቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ መስመር ስምንት ቤቶች በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተያይዘዋል። እርሻው ከቆመ ወዲህ «ዛሬ ይፈርሳሉ፣ ነገ ይፈርሳሉ» ሲባል ኖሯል። እዚያው ስለቀረው ወንድሜ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። እልል አልኩ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩኝ፤ ምን ገዶኝ!

«ምን ምኑ ነው የሚታደሰው?»

«ሁሉም። ጣሪያው፣ በሩ፣ ልስኑ። ቅርስ ነው ተብሏል፤ ልክ መጀመሪያ እንደተሠራው ይመለሳል አሉ።»

«የደጁ መደብስ?»

«እሱ እንኳ ይፈርሳል። የቅርስ ቢሮው ሰዎች ያገኙት ንድፍ ላይ መደብ የለም። ኋላ ነዋሪው የለጠፈው ነው አሉ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። አልተሳፈርኩም።

ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር፣ ቤቴ እንደገባሁ ለልጄ ነገርኳት። እዚሁ የተወለደች ናት።

«ሶ ማሚ፣ ይሄ ሁሉ ለቤንች ነው?»

«ቤንች አይደለም። ቁጭ በይና ስሚኝ።»

የነገርኳት ይህን ነው። መጀመሪያ የተሠራው አንደኛው መስመር ነው፤ እኛም የገባነው እዚያ ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ከፊቱ አንድ በርና አንድ መስኮት። ንድፉን ያወጣው ሰው ክፉ ሥራ አልሠራም፤ በሮቹ ሁሉ ወደ ፀሐይ መውጫ ስለሚያዩ እናቴ የጠዋት ጸሎቷን ደጇ ላይ ቆማ ታደርስ ነበር። ጉድለቱ የጣሪያው ጫፍ ማጠሩ ነው። ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር እያረፈ ይረጫል፤ ልስኑ ከታች ጀምሮ ይላጣል፤ ቆይቶም የውስጡ እንጨት ይታያል።

እናቴ ብርቱካን ለቃሚ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ከጎረቤታችን ጋር ከወንዝ ድንጋይ እያመጡ፣ በሁለታችን ቤት ደጅ፣ ግድግዳውን የተደገፈ መደብ ጀመሩ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ብዙ ቀን አሳደሩት፤ እኔም ረግጬዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድንጋዩን በዚያ ጭቃ አያያዙት። ላዩን ሲመርጉት ውሃው እንዲወርድ ወደ ውጭ ትንሽ አዘነበሉት። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

የለቃሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው? ፕላኑ ላይ አለ?»

«ዝናቡስ ፕላኑ ላይ አለ እንዴ ካቦ?» አለች እናቴ፣ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ።

ጎረቤታችን ደግሞ፣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉበት፤ ካልተመችዎ ያኔ ያስፈርሱናል» አለችው።

አልተቀመጠም። «ቅዳሜ ከሥራ መልስ እንድታፈርሱት!» ብሎ ሄደ። እናቴ ቅዳሜን ቀዳሚት ሰንበት ነው፣ እሑድንም ሰንበት ነው ብላ አለፈችው። ሰኞ ካቦው ራሱ ረሳው።

ክረምቱ ሲወጣ ከስምንቱ ቤቶች የስድስቱ ግድግዳ ከሥሩ ተልጦ ነበር። የእኛና የጎረቤታችን ግን ምንም አልሆነም። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ መስመሩን በእግሩ እየሄደ አየ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ «መደብ ይሠራ ብሎ አዘዘ» የምትለው እናቴ ናት። ቀጥሎ የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የሁለተኛው መስመር መሠረት ሲወጣ ግንበኛው ቤታችን መጣና እናቴን መደቡ ላይ አስቀመጣት። ከመሬት እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ በዘንግ ለካ፤ ዘንጉንም እዚያ ላይ ቆረጠው።

«ትንሽ ከፍ ላድርገው?»

«ኧረ ተው! ነፍሰ ጡርም አሮጊትም ይቀመጥበታል። እንዲሁ ይሁን።»

በዚያ ዘንግ የሁለተኛውን መስመር መደብ ሲለኩ አይቻለሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲሠሩ እኔ ለትምህርት ከተማ ገብቼ ነበር፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ነፍሴን አላስይዝም።

ልጄ ስልኳን ካስቀመጠች ቆይታለች። «ዋው! አያቴ አርኪቴክት ነበረች በይኛ!»

ሳቅሁ፤ ግን ደረቴ ሞላ። ትዕቢት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል። ስሟን መጻፍ የማትችል ለቃሚ፣ መሐንዲሱ ያላየውን አይታ አርማዋለች። ሰው ደክሞት ሲመጣ የሚያርፈው፣ ሐዘንተኛም የሚጽናናው፣ በየበዓሉ ጸበል ሊረጩ የሚመጡት ካህንም አረፍ የሚሉት እዚያ መደብ ላይ ነበር። እኔ እዚህ ኬረር ሆኜ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው አሮጊት የሚኖሩበት ቤት ዱሮ የባቡር ሠራተኞች ቤት ነበር፤ ዛሬ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። መስኮት ለመቀየር ፈቃድ አፕላይ አድርገው ስንት ወር ጠበቁ! ያኔ «ለአንድ መስኮት?» ብዬ ነበር። አሁን የእኛም የሠራተኞች ቤት እንዲያ ሊከበር ሲል፣ ከቤቱ ሁሉ ሠራተኛዋ ራሷ ያሰበችው ነገር ተለይቶ ሊፈርስ ነው።

«ግን ማሚ» አለችኝ ልጄ፣ «ኤቪደንስ አለሽ? ካንቺ ሌላ ማን አየ?»

እናቴም፣ ጎረቤታችንም፣ ግንበኛውም አርፈዋል። ወንድሜ ስልክ ላይ እንደነገረኝ፣ እናቴ መደቡ ላይ የተቀመጠችበትን ፎቶ ለቢሮው ሰዎች አሳይቶ ነበር፤ «ይሄ አንደኛው መስመር ነው፤ መቼ እንደተነሣም አይታወቅም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው መስመር ከነመደቡ መሠራቱን የሚመሰክር ሰው ከተገኘ ግን እንደገና እናያለን ብለዋል። እድሳቱ የሚጀመረው ዝናቡ ሲያባራ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው መስመር የገባችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የገቡ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን መደቡ ደጃችሁ ላይ ነበረ ወይ? ሥራ አስኪያጁ ሲያዝ የሰማስ አለ? ሰፈሩን የምታውቁ የወንድሜን ቤት አታጡትም፤ ሄዳችሁ ንገሩት፣ ራቅ ያላችሁም በሰው ላኩበት። አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃል። የምታስታውሱት እኔ ካልኩት የተለየ ከሆነም ቅር ይላታል ብላችሁ አታስቀሩት፤ እሱንም ንገሩን። ብቻ እባካችሁ፣ ዝናቡ ሳያባራ።