በማሽላው መሃል የበቀለችው ሳር

ባለፈው ገበያ ሰቆጣ ላይ አንድ ባጃጅ እርጥብ ሳር ጭኖ አጠገቤ ቆመ። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲገባ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ሞኝ ነኝ፤ እጄ ላይ ምንም አልነበረም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያን በጋ አንደኛው በሬያችን መኖ አጥቶ ሞቶብን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከግብርና ባለሙያው የሳር ዘር ተቀበለና በማሽላው መስመር መሃል ዘራው። «እህሉ ለእኛ፣ ሳሩ ለተረፈው በሬ» ይል ነበር። አባቴ አልወደዱትም። «ሳር ከማሳ ሲነቀል እንጂ ሲዘራ አላየሁም» አሉ፤ ግን አልከለከሉትም።

ከዚያ ወንድሜ ለሥልጠና ኒሯቅ ከተማ ሄዶ ሁለት ቀን ቆየ። እኔ ደግሞ በአረም የሚደርስባት የለም እየተባልኩ የተኮፈስኩ ልጅ ነበርኩ። ሲመለስ ደስ ይበለው ብዬ ማሳው ውስጥ ገባሁ። የዘራው ሳር በቅሎ አይቼው አላውቅም፤ ቀጫጭኑን ቅጠል ሙጃ መሰለኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስነቅል ዋልኩ። ሥሩ ከጭቃው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወንድሜ ሲመጣ እርከኑ ላይ የጠወለገውን ክምር አየ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። አባቴን «እርስዎ ነዎት፤ ከመጀመሪያውም አልወደዱትም» አላቸው። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፈራሁና መልሼ ዘጋሁት። አባቴም ዝም አሉ።

በሳምንቱ ወንድሜ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

አንዲት እግር ሳር ግን ድንጋይ ተከልላ አምልጣኝ ኖሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ትበቅላለች። አባቴ ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም። ነፋስ ሲያንሿሿት በማሽላው መሃል ሰው የሚመጣ ይመስለኛል። ስንት ጊዜ «መጣህ?» ብያለሁ መሰላችሁ።

ዘንድሮ ለአረም ስሄድ ምስጢሩን መሸከም አቃተኝ። «አባዬ፣ ያኔ ሳሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ማሳው ስደርስ ነቅለሽ ጨርሰሽው ነበር። አንቺ ልጅ ነሽ፣ እሱ ቁጡ ነው። በእኔ ቢናደድ ቶሎ ይበርድለታል ብዬ ዝም አልኩ። ይሄዳል አላልኩም።»

ማጭዳቸውን አቀበሉኝ።

«ተመልሳ እንድታቆጠቁጥ ከሥሯ ከፍ አድርገሽ እጨጃት» አሉኝ። «ወንድምሽ መጥቶ ይጠይቀን ይሆናል።»