መዝገቡ ላይ የሌለችው ሴት

የታሰርሁት ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ በመጠየቄ ነው። ከተማዋ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል የምታስኬድ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን ባልጠራው ይሻላል። ለአንድ ምርቃት ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ መንገዱ ተጠረገ፣ አጥሩ ኖራ ተቀባ፣ ገበያው ዳር የሚያድሩት የአእምሮ ሕሙማን ደግሞ አንድ ጠዋት በአይሱዙ ተጭነው ተወሰዱ። ከአምስት ቀን በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ እኔ የጠየቅሁት "የት ወሰዳችኋቸው?" ብዬ ነው። መድረክ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ፈገግ ብሎ "ለየቤተሰባቸው አስረክበናል" አለ። "ማንን ለማን?" አልሁት። ከአዳራሹ ሳቅ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች ሚኒባስ መሳፈሪያው ላይ መጥተው ያዙኝ። ሕዝብ ማነሣሣት ነው ያሉት።

ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ጤና ጣቢያ ስሠራ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ቁስል የእግር ብረት ያወጣው ቁስል ነበር። የታመመ ልጃቸውን ከግንድ ጋር አስረው፣ እግሩ ሲመግል ተሸክመው አምጥተው "ቁስሉን ብቻ አክሚልን" የሚሉኝ አባቶች ነበሩ። አክሜ እመልሰዋለሁ፤ ቤቱ ያው ሰንሰለት ይጠብቀዋል። አንድ ቀን በቃኝ አልሁና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየቤቱና በየጸበሉ መዞር ጀመርሁ። የምንለው አጭር ነው፤ ጸበሉን አትተዉ፣ ክኒኑን ጨምሩበት፣ ሰንሰለቱን ፍቱ። ከቄሶቹ ብዙዎቹ ከኛ ጋር ቆሙ። ያስቸገሩን ኮት ለባሾቹ ናቸው። ስለ ሕሙማን የሚነሣ ወሬ ሁሉ የከተማቸውን ገጽታ የሚያበላሽ ይመስላቸዋል።

የሴቶች ክፍል የሚሉት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። የቆርቆሮ በር፣ ሁለት ብረት የገባበት ትንሽ መስኮት፣ ከሥር የሚረጥብ ሲሚንቶ። ሐምሌ ስለነበር ብርዱ ከወለሉ ይነሣና ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ስምንት ሴቶች ጆንያ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከሁሉም ተለይታ፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ፣ የወንድ ካፖርት የለበሰች አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ካፖርቱን አወቅሁት። ገበያው ዳር ብዙ ቀን ዳቦ ሰጥቻታለሁ። ለቤተሰቧ ተሰጥታለች የተባለችው፣ እኔ የት ናት ብዬ የታሰርሁላት ሴት እዚያው ተቀምጣለች።

ሳቄ መጣ። ንዴት ሲበዛብኝ እስቃለሁ፤ መጥፎ ልማድ ነው።

"ምን ያስቅሻል?" አሉኝ አንዲት አሮጊት። በእርሻ ድንበር ጠብ የታሰሩ ገበሬ ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሳቸው ቃል ነበር።

"ይችን ሴት ቤቷ ገብታለች ብለውን ነበር፣ እናቴ።"

"ቤትማ ገብታለች። ይኸው እኛን ስታምሰን አምስት ቀኗ።"

በሩን ትመታለች። በሁለት መዳፏ፣ ደክሟት እስክትቀመጥ ድረስ፣ "ክፈቱልኝ፣ ላሞቹ እህል ገቡ!" እያለች። ተረኛው ፖሊስ ሲሰለቸው ይመጣና "ዛሬ ሽንት ቤት የለም" ብሎ ይሄዳል። እሷ በመታችው ሁላችንም እንቀጣለን። ከዚያ ክፍል የምንወጣው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሽንት ብቻ ነበር። ባልዲው ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም፤ ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ የምንተኛው እዚያው ነው።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ተማከሩ። አሮጊቷ መቀነታቸውን ፈቱ፤ ከመስኮቱ ብረት ጋር ሊያስሯት ነው። ተነሥቼ እምቢ ማለት ነበረብኝ። እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ሆዴም ተነፍቷል፤ ይኼ ግን ምክንያት አይሆንም። አሮጊቷ ወደኔ ዞሩና "አንቺ ሐኪም ነሽ፤ እንዴት አድርገን ብናስራት ነው የማትጎዳ?" አሉኝ። ነገርኋቸው። "ከሥር ጨርቅ አድርጉበት። ጣት እስኪያስገባ ላላ አድርጉት። አንድ እጇን ብቻ።" በየገጠሩ ፍቱ እያልሁ የዞርሁት እኔ፣ አስተሳሰር አስተማርሁ። ሴትዮዋ አልታገለችም። እጇን ራሷ ዘረጋችላቸው፤ የለመደችው ነገር ነው። ያን ቀን በሩ ሳይመታ ዋለ፣ እኛም ሽንት ቤት ወጣን። አፍሬያለሁ፤ ወጥቻለሁም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ስድብ የማያውቅ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። ከጎዳና የተነሡት ሕሙማን ለየቤተሰባቸው መሰጠታቸውን አረጋግጫለሁ፣ ስብሰባው ላይ የተናገርሁት በስሕተት ነው ይላል።

"ፈርሚና ሂጂ። ልጆች አሉሽ አይደል?"

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ደብረ ታቦር እኅቴ ጋ ናቸው። ትንሿ ያኔ ገና አምስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ካላጎረስኋት የማትበላ አስቸጋሪ ልጅ ናት። እስክሪብቶውን አነሣሁት። ያነሣሁበት እጄ አልከበደኝም፤ ሐቁን ልናገር ብዬ ነው ይኼን የምጽፈው።

"ከኔ ጋር ያለችው ሴት ለማን ነው የተሰጠችው?" አልሁት።

"የቷ ሴት?"

"ካፖርት የለበሰችው።"

መዝገቡን ሳብ አድርጎ ገለጠው፤ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። "ያንቺ ክፍል ዘጠኝ ሰው ነው። ዘጠነኛዋ አንቺ ነሽ።"

ጠዋት ጠዋት ስንቆጠር ፖሊሱ እሷ ጋ ሲደርስ ዘሎ የሚያልፋት ከስንፍና ይመስለኝ ነበር። ያኔ ገባኝ። ክስ የላትም፣ ፋይል የላትም፣ ፍርድ ቤት የምትቀርብበት ቀጠሮ የላትም። ስለዚህ የሚፈታትም የለም። ብትሞት እንኳ ሞተች የሚባል ሰው የለም። ሊጽፏት አይችሉም፤ ከጻፏት መድረክ ላይ የተነገረው ውሸት ይሆናል። እኔን በጥያቄ ያሰሩኝ ሰዎች መልሱን እኔው ክፍል ውስጥ አስቀምጠውት፣ የለም ብለሽ ፈርሚ ይሉኛል። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስሁት።

"እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት" አለኝ በትሕትና። "ወረቀቱ እዚህ ይጠብቅሻል።"

ተመልሼ እንደገባሁ የሴትዮዋን እጅ ፈታሁ። አሮጊቷ ተቆጡ።

"ምን መሆንሽ ነው? ትናንት እሰሯት ያልሽን አንችው!"

"ተሳስቼ ነው፣ እናቴ። ደግሞም መዝገቡ ላይ የለችም። ዘጠኝ ናችሁ ነው የሚሉት።"

አሮጊቷ መቀነታቸውን ከእጄ ተቀበሉ። ወገባቸው ላይ ሁለት ዙር ከጠመጠሙት በኋላ "ኸሌለችማ" አሉ፣ "እኔ ማንን ነው ያሰርሁት?"

ሴትዮዋን እንዴት እንደምናስቆጥራት ተማከርን። ሐሳቡን ያመጡት አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው። "ኸኋላ ስትሆን ነው የሚተዋት። ነገ ኸፊት ትቁም፤ እሷን ኸዘለለ የሁላችንም ቁጥር ይበላሽበታል" አሉ። ያን ዕለት በሩን ልትመታ ስትነሣ ሁለት ሴቶች አብረዋት ቆሙ። "ላሞቹን ልጆች መልሰዋቸዋል" አሏት። አንዳንዴ ታምናለች፣ አንዳንዴ አታምንም። ሽንት ቤት ተከለከልን። የተማረረ ሰው ግን አልሰማሁም።

ጠዋት ካፊያ እየጣለ ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ሰዓቱ ተረኞች የሚቀያየሩበት ነው። ወጪው እስረኛ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ገቢው መዝገቡ ላይ ፈርሞ ይረከባል። አሮጊቷ የሴትዮዋን እጅ ይዘው ከፊት ቆሙ።

"አንድ እሷ፣ ሁለት እኔ።"

"እሷን ይተዉዋት፣ እማማ" አለ ወጪው ፖሊስ።

"ምነው? ሰው አይደለችም?"

ቀጣይዋ "ሦስት" ብላ ጮኸች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። የሁሉም ድምፅ ከሌላው ቀን ከፍ ያለ ነበር። የጣቢያው አዛዥ ሰምቶ ወደ በረንዳው ወጣ፤ መርማሪውም ከኋላው አለ፤ ወረቀቴን ጠቅልሎ ይዞታል። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።

"ያንቺ ቁጥር ዘጠኝ ነው" አለኝ አዛዡ፣ ድምፁን ሳያነሣ። ምን እንዳለኝ ገብቶኛል። ዘጠኝ ብል ምሳዬን ከልጆቼ ጋር እበላለሁ።

"ዐሥር" አልሁ።

እንደገና አስቆጠሩን፤ ዐሥር ሆንን። ወጪው ፖሊስ "በቃ ዘጠኝ ብለህ ፈርም፤ እኔም ዘጠኝ ብዬ ነው የተረከብሁት" አለው ገቢውን። ገቢው በዝናብ ልብሱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሰው ነው። መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ "ዐሥር ቆጥሬ ዘጠኝ አልፈርምም" አለ።

"ትእዛዝ ነው!" አለ አዛዡ።

"በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ጌታዬ። ሴትዮዋ ከስታለች። በኔ ተራ ብትሞት ማን ብዬ ነው የማመለክት?"

ጀግና አልነበረም፤ ለራሱ ፈርቶ ነው። እኔ ስብሰባ ላይ ጮኼ ያልፈታሁትን ነገር የሱ ፍርሃት ፈታው። አዛዡ እንዲያ ያለ ትእዛዝ በፊርማው ሊሰጥ አልደፈረም። ብዙ ቆመን ልብሳችን ከረጠበ በኋላ "ጻፋት!" ብሎ ጀርባውን ሰጠን። መርማሪው ወረቀቴን ቀዶ ኪሱ ከተተው።

ቀጭኑ ፖሊስ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "ስሟ ማን ነው?" አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሐኪሟ እኔ ነኝ፣ ተከራካሪዋ እኔ ነኝ። አላውቀውም። ሴቶቹ "እብዷ" ይሏታል፣ እኔ "ሕመምተኛዋ" እላታለሁ፤ የኔ ቃል የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ዳቦ ስሰጣት፣ ስለሷ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስናገር፣ እጇ እንዴት እንደሚታሰር ስመክር፣ አንድም ቀን ስምሽ ማን ነው ብያት አላውቅም።

"ያልታወቀች ብዬ ልጻፍ?" አለ ፖሊሱ።

"እታወቃለሁ" አለች ሴትዮዋ።

ቀስ ብላ፣ ግልጽ አድርጋ ስሟን ተናገረች። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ አጥቢያዋን ጭምር። ፖሊሱ ከዝናቡ በእጁ ከልሎ ጻፈ።

"ጻፍኸው?"

"ጻፍሁት።"

"እስቲ አንብበው።"

ከፍ አድርጎ ሙሉውን አነበበላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "እሱ ነው" አለችና ተመልሳ ወደ ሰልፉ ገባች።

ከተጻፈች ወዲያ ዝም ሊሏት አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ተላከች። ስሟና አጥቢያዋ ስለታወቀ በጋፋት በኩል የሚኖር ወንድሟ ተጠራ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ ለገበያ ሲፈልጋት ኖሯል። ዛሬም ከሱ ጋር ናት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ደኅና የምትሆንባቸው ወራት አሉ፣ የሚከፋባትም ወቅት አለ። እኔ ሌላ አንድ ወር ከታሰርሁ በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። ለምን እንደታሰርሁም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም፤ ይቅርታማ ጭራሽ። አብረዋት የተጫኑት ሌሎቹ የት እንደተጣሉ እስካሁን አልተነገረንም። መድረክ ላይ ፈገግ ያለው ሰውዬ ሹመት ጨምሯል። ይኼን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ከመታሰሬ በፊት፣ ሕሙማኑ ከሰንሰለት እንዲፈቱ ብዬ የጻፍሁት አቤቱታ ቅጂ እጄ ላይ አለ። በየጸበሉና በየቤቱ የታሰሩትን በወንድና በሴት፣ በቀበሌ ለይቼ ዘርዝሬያለሁ። ሦስት ገጽ ነው። አንድም ስም የለበትም።

አሁን አንድ ቤት ስገባ ሰንሰለቱን ከማየቴ በፊት ከታመመው ሰው ፊት ለፊት እቀመጥና ስሙን እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ ቤተሰቦቹ ናቸው። "ተይው፣ እሱ አይናገርም" ይሉኛል። አመሰግናቸውና እዚያው ተቀምጬ እጠብቃለሁ።