የመጨረሻው ቧንቧ ቀማሽ

የከተማችን የውሃ መስመር ከወደቡ ተነስቶ፣ የሸንኮራ አገዳውን እርሻ አቋርጦ የሚያልቀው ባሕሩ ጥግ፣ በእትዬ ካማ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከእሷ ቧንቧ ወዲያ ድንጋይና ማዕበል እንጂ ቤት የለም። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ውሃው እስከ ጫፍ ደህና መድረሱን በየቀኑ የሚያይለት ሰው ስለሚፈልግ ሥራው ለካማ ተሰጣት። ጠዋት ጠዋት ነጭ ስኒ ውስጥ ትቀዳለች፤ ቀለሙን ታያለች፣ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ የመድኃኒት ጠብታ ጨምራ ክሎሪኑን ትለካለች። ከዚያ ትደውልና "ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደህና ነው" ትላለች። እኔ ጎረቤቷ ኡሺ፣ ከአጥሩ ማዶ ይህን ስሰማ ነው ሻዬን የምጥደው።

ውሃችን በኮራል ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ስለሚመጣ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ ሳሙናም አረፋ አይሰጥም። ማዘጋጃ ቤቱ ኖራውን የሚቀንስ ማሽን ካስተከለ ወዲህ ቀለል ብሏል፤ ካማ ግን "ውሃውን አጥንቱን አወጡበት" እያለች ታማርር ነበር። ልጇ ቶሚኮ ከምትኖርበት ከኦሳካ ስትመጣ ጸጉሯን ታጥባ በቀረው ኖራ ሲደርቅባት "እማዬ፣ መጥረጊያ ሆንኩ እኮ!" ስትል፣ "ብትሆኚም ንጹሕ መጥረጊያ ነሽ" ትላታለች።

ያንን ቧንቧ ከቀበሩት አንዱ ባሏ ዜንኪቺ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ መስመሩ ወደ እኛ ሰፈር ሲዘረጋ ግን ጀልባውን አቁሞ ከቁፋሮ ሠራተኞቹ ጋር ድንጋዩን በዶማ ሲፈልጥ ከረመ። ሊሞት ሲያጣጥር ሽማግሌዎቹ "ከንፈሩን የምታርሺበት የመጨረሻ ውሃ ከድሮው የዋሻ ምንጭ ይቀዳ" አሏት፤ እሱም እሷም ሲወለዱ የታጠቡት በዚያ ውሃ ነውና። ካማ እምቢ አለች። "ይሄን ውሃ ያመጣው እሱ ነው፤ የሚጠጣውም ይሄንኑ ነው" ብላ ከቧንቧው ቀዳችና በጥጥ ከንፈሩን አራሰችለት። ሰው አማት። እኔ ግን ያን ቀን ነው የወደድኳት።

ከዚያ ወዲህ ቶሚኮ በመጣች ቁጥር "ብቻሽን እዚህ ባሕር ጥግ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እኔ ጋ" ትላታለች። የካማ መልስ አንድ ነው፤ "ሥራ አለኝ። እኔ ከሄድኩ ውሃውን ማን ያሸተዋል?" ቤቷ ያቆያት ይኸው ሥራ ነበር።

ባለፈው የብርድ ወራት ኃይለኛ ጉንፋን ጣላት። እሷ ዳነች፣ አፍንጫዋ ግን አልዳነም። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ዓሣው ሲያርርባት የምትሮጠው ጭሱን አይታ እንጂ ሸቷት አልነበረም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ኖራው ሲበዛና ሲያንስ ውሃውን በጣቶቿ እያሸች ታውቀው ስለነበር፣ በእጄ ካወቅሁት ይበቃል ብላ ራሷን አታለለች። ስልኩ ላይም "ሽታ የለውም" ማለቷን ቀጠለች።

የዜንኪቺ የአሥራ ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ ቀን ደረሰ። ቶሚኮም መጣች፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ። ካማ ሻይ አፍልታ፣ የመጀመሪያውን ስኒ ፎቶው ፊት አስቀምጣ ለሁላችን ቀዳች። ወደ አፌ ሳስጠጋው ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ። ቀና ብዬ ሌሎቹን አየሁ። ሁሉም ፉት ይላል፣ ሁሉም ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሁሉም ፎቶውን ያያል። የውሃ መርማሪዋ ቤት ተቀምጦ "ውሃሽ ይሸታል" የሚል ማን ወንድ? እያንዳንዱ የተበላሸው የኔው አፍንጫ ነው ብሎ፣ ይሉኝታ አንቆት ናፍጣውን ዋጠ። የዜንኪቺ ወንድምማ "ግሩም ሻይ ነው" አለ፣ ውሸታም! ስኒዬን አስቀመጥኩ።

"እትዬ ካማ፣ ዛሬ ምን ብለሽ ነው የደወልሽው?"

"ምን እላለሁ? ደህና ነው አልኩ።"

"ሽታውስ?"

"ምን ሽታ አለው?"

"እንግዲያው እኔ አብጃለሁ። ሻይሽ ናፍጣ ናፍጣ ይላል!"

ቶሚኮ "ኡሺ፣ በአባቴ ቀን እንኳ..." ብላ ጀመረችና ስኒዋን አይታ ተወችው። ካማ የሁላችንንም ፊት በየተራ አየች። ሁሉም ስኒውን ሳይጨርስ አስቀመጠ። ያኔ ገባትና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ይሄን መስመር ስንት ሰው ነው የሚጠጣው..." እያለች ተነስታ ስልኩን አነሳች። "ጠዋት የነገርኳችሁን ሰርዙት። ውሃው ይሸታል። ሰው እንዳይጠጣ አድርጉና ቶሎ ኑ።"

ከጽሕፈት ቤቱ ዮናሃ የሚባል ሰውዬ መጣ። በየቤቱ እየገባ ቧንቧ ከፈተ፤ የኔም የሌሎቹም ውሃ ንጹሕ ነበር። ወደ ካማ ግቢ ተመለሰና ግድግዳው ሥር ቆፈረ። እዚያ የዜንኪቺ የጀልባ ናፍጣ በርሜል ቆሟል፤ ካማ ባሏ ካስቀመጠበት ንቅንቅ አላደረገችውም ነበር። ታቹን ዝገት በልቶት ናፍጣው ወደ አፈሩ ሰርጓል፤ የፕላስቲኩንም ቧንቧ ሰርስሮ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

"አይዞዎት እማማ" አለ ዮናሃ እጁን እየጠረገ። "የእርስዎ ቤት ብቻ ነው፤ ከተማው ደህና ነው። ቧንቧውን እንቀይረዋለን። ጠዋት ሽታው ገና አልደረሰ ይሆናላ። እንደ ድሮው ይደውሉልን።"

ሆን ብሎ ይሁን ሳያስብ አላውቅም፣ ማምለጫ ሰጣት። ዝም ብትል ሁላችንም ዝም እንል ነበር። ካማ ልጇን አየች፤ ጉድጓዱንም አየች።

"ልጄ፣ ጠዋትም ሸቶ ይሆናል" አለችው ዮናሃን። "እኔ ከብርዱ ወራት ጀምሮ አላሸትም። ስዋሻችሁ ነው የከረምኩት። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ዮናሃ አንገቱን ደፋ። ቶሚኮ ስለ ኦሳካ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከእንግዲህ ብትናገር እናቷ የምትመልሰው ነገር እንደሌላት ሁላችንም ገብቶናል።

ሰዉ ሲሄድ ስኒዎቹን ላነሳሳ ቀረሁ። ካማ ፎቶው ፊት የነበረውን ስኒ ይዛ ቁጭ ብላለች።

"ኡሺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?"

"ነገርኩሽ እኮ፣ ናፍጣ።"

"ናፍጣ ብቻ?"

ጎንበስ ብዬ ስኒውን ደግሜ አሸተትኩት። "እሱን እሱን ይላል" አልኳት በመጨረሻ። "ከባሕር ሲመለስ ሸሚዙ እንደሚሸተው። ያው ራሱ ነው።"

ያንን ሸሚዝ ሳታጥብ አስቀምጣው፣ ሽታው ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉ አንድ ቀን ነግራኛለች። ስኒውን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ደጋግማ ሳበች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እኔ ትሪውን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ።

"ምንም" አለች። "ኡሺ፣ ምንም የለም።"

ስኒውን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።