ኒካሲያ ደሴቱን ስትቆርጥ

እኛ የምንኖረው ደንገል ላይ ነው። ቤታችን ደንገል፣ ታንኳችን ደንገል፣ የምንረግጠው መሬት ራሱ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፍ የደንገል ሥር ነው። እሳት ከነካው የሚተርፍ የለም። የወንድሜ ሚስት የኒካሲያ ቤት ባንዲት ሻማ ነደደ፤ ልጇን ከነብርድ ልብሱ ሐይቁ ውስጥ ወርውራ፣ ተከትላ ዘላ ገብታ አወጣችው።

ከዚያ ወዲያ ሻማ የሚባል ነገር ቤቷ አላስገባም አለች። አዲሱ ቤት እንዳለቀ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ፑኖ ገበያ ወርዳ፣ ሶላር ከነባትሪው በታንኳ ጭና መጣች። የደሴታችን ሹም ዶን ማካሪዮ፣ የኔና የባሏ አጎት፣ ዳር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ይኼን መስታወት የት ልታደርጊው ነው?»

«ጣሪያዬ ላይ ነዋ፣ አጎቴ።»

«ጎብኚ የሚመጣው ደንገል ሊያይ ነው። የዕለት ጉርሳችንን ልትዘጊብን ነው?»

«ጎብኚውማ ፎቶውን አንስቶ ሆቴሉ ገብቶ መብራቱን ያበራል። ጨለማው የሚቀረው ለኔ ነው።»

«አያቶቻችን ያለ መብራት ኖረዋል!»

«ኖረዋል። ተቃጥለውም ያውቃሉ። ግን ፎቶ እንዲያምር ብለው አልተቃጠሉም።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንቺ ደግሞ ጥርስሽን ክደኚ!» ብለው ጮኹብኝ።

በማግስቱ ደሴቱ በሙሉ ተሰብስቦ ፈረደ፦ ወይ ሶላሩ ይውረድ፣ ወይ እሷ ትውጣ።

«እወጣለሁ» አለች ኒካሲያ። «ቤቴን ግን ትቼ አልሄድም።»

እኛ ዘንድ ጠብ ሲከር ደሴት ይቆረጣል፤ የተጣላው ድርሻውን ይዞ ይለያል። ረጅሙን መጋዝ ጎትታ አመጣች። ወንድሜ አንሴልሞ ጠብ አይወድም። «ኧረ ተይ፣ ሰው ምን ይለናል?» አላት።

«የሚለውን ይበል። አንተ ያንን ጫፍ ያዝ።»

ያዘ። እኔም ዕቃዬን ተሸክሜ ወደነሱ በኩል ተሻገርኩ። መጋዙ ጥቁሩን ሥር እየበጣጠሰ ሲሄድ ውኃው በስንጥቁ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። የመጨረሻው ሥር ሲለቅ ከእግሬ ሥር ያለው ሁሉ ተወዛወዘ። የኛን ቁራጭ በሁለት ታንኳ ጎተትነው።

«ሲርብሽ ትመለሻለሽ!» አሉ ዶን ማካሪዮ ከማዶ።

«ሐይቁ ዓሣ አላለቀበትም!» አለች መቅዘፊያዋን ሳትለቅ።

የብርዱ ወራት ግን ፈተነን። የጎብኚ ጀልባ ሁሉ እያየን አለፈን። ደሴታችን ጠባብ ስለሆነች ነፋሱ ያንገላታታል፤ ደንገል ስናጭድ እጃችን ተሰነጣጠቀ። ከኒካሲያ ጋር ሳልነጋገር የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። ሲመሽ ግን መብራቱ ይበራል፤ ጭስ ሸተተኝ ብሎ ከእንቅልፉ የሚባንን የለም።

አንድ አስጎብኚ መጥቶ፣ «ሶላሩን ከቤቱ ጀርባ ደብቂውና ጀልባ ላምጣልሽ» አላት።

«ጀርባ በኩል ፀሐይ የለም» ብላ መለሰችው።

በዓመቱ የራሳቸው የዶን ማካሪዮ ልጅ ኤርሜሊንዳ ከነባሏ የድርሻዋን ቆርጣ መጣች። ቁራጯን ከኛ ደሴት ጋር አሰርነው። ጣሪያዋ ላይ አሁን ከኒካሲያ የሚበልጥ ሶላር አለ። አባቷ እስከዛሬ ኩርፊያቸውን አልተዉም፤ በታንኳ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ኒካሲያ ግን አንድም ቀን ዝም ብላ አታሳልፋቸውም፤ ብድግ ትልና ሐይቁ እስኪያስተጋባ ትጮኻለች፦ «እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ!»

እሳቸው ቀዘፋቸውን ያፈጥናሉ።